እናት ሳትሰማ

ሚስማር ልገዛ አቶ ኪዳነወልድ ሱቅ የገባሁበትን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰውየው ወላይታ ሶዶ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ከትመዋል። ደግ ናቸው፣ የእድራችን ጸሐፊም ናቸው። ችግራቸው ስልካቸው ነው። ሰው በታመመና በሞተ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ፌስቡክ ላይ ካልጻፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ሚስማሩን ሲመዝኑልኝ ነርሷ ሲስተር ሰናይት ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። መክብብን ነፍስ ይማር ብለው የለጠፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ፎቶውንም አድርጌበታለሁ።»

«እናቱ እኮ አልሰሙም።»

መክብብ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል በሰናይት እጅ ላይ አርፏል። እናቱ ወይዘሮ ፋንታዬ ገሱባ ይኖራሉ፣ ልባቸውንም ያማቸዋል። የእድሩ ሽማግሌዎች በማግስቱ ማለዳ ከበው ሊያረዷቸው ገና በዚያ ኮረኮንች መንገድ ላይ ነበሩ።

«እኔ ክፉ አልጻፍኩም» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። «ለቅሶ ደራሹ እንዲበዛ ብዬ ነው። ዘመኑ የፍጥነት ነው፤ እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈው ነበር።»

ይቺ «ሌላው ይጽፈው ነበር» የምትባል ነገር ታንገበግበኛለች። ሌላው ገደል ቢገባ አብረን ልንገባ ነው?

«በድፍረት አይዩብኝና፣» አለች ሰናይት፣ «ከመጻፍዎ በፊት ማን ያነበዋል ብለው አሰቡ?»

«ወዳጆቼ ናቸዋ።»

«የእናትየው ጎረቤትስ? ስልኳን ይዛ ገብታ ‹እማማ፣ ልጅዎ ሞተ እንዴ› ብትላቸው፣ ብቻቸውን ሲወድቁ ማን ይይዛቸዋል? ጥሩንባ ነፊው ጋሽ ጥጋቡ እንኳ ቤተሰብ ሳይረዳ ነፍቶ አያውቅም።»

«ጥሩንባ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«እውነት ነው፣ ሌላ ነው። ጥሩንባ ሰፈር ውስጥ ይቀራል። የእርስዎ ግን እስከ በዴሳ፣ እስከ ቢጠና፣ እስከ ገሱባ ድረስ ይሰማል።»

እኔም አላስቻለኝም። «አቶ ኪዳነወልድ፣ የእናትዎን ሞት እንዴት ነበር የሰሙት?» አልኳቸው።

ሚዛኑን ለቀቁት። «ሽማግሌዎች ከበውኝ» አሉ። «አንዱ ወገቤን ይዞኝ ነበር። ባይዘኝ ግንቡ ላይ ነበር የምወድቀው።» ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ጽሑፉን አጠፉት።

ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰዎች ተቀባብለውት ነበር። እኚያ የተከበሩ ሰው በአማርኛም በወላይትኛም እየደወሉ አጥፉልኝ ብለው ሲለምኑ አመሹ። ከተቀባበሉት አንዱ የበዴሳ ወጣት «እርስዎ አይደሉ እንዴ የጻፉት?» ብሎ አፋጠጣቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ እባክህ አጥፋልኝ» አሉት። ተናደን ሳይሆን አዝነን አየናቸው።

ሽማግሌዎቹ ከወሬው ቀድመው እናትየውን አረዷቸው፤ በማግስቱ ገሱባ ቀብር ወጣን። ያለ ፌስቡክም ለቅሶ ደራሹ ሜዳውን ሞልቶታል። ወይዘሮ ፋንታዬ የአቶ ኪዳነወልድን እጅ ያዙ።

«ልወድቅ ስል ሰው ደግፎ ያዘኝ። ብቻዬን ብሰማ ከልጄ ጋር ነበር የምትቀብሩኝ። ሽማግሌ ስለላካችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

አቶ ኪዳነወልድ ጎንበስ ብለው የእናትየውን እጅ ሳሙ።

አሁን እድራችን ቤተሰብ ሳይረዳ የሞት ወሬ አይጽፍም። በሽተኛ በድንጋጤ አይወድቅም፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይሰማም፣ የእድሩም ቃል ይታመናል። አንዳንዱ ችኩል ዛሬም ስልኩን ሲመዝ አቶ ኪዳነወልድ እጁን ይይዙታል።

«ቆይ» ይሉታል። «እናት ሰምታለች?»