ከበርሜል ወጥቶ በሰው ኪስ ስለተገኘው የናም ቺልቦክ ድምፅ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ታክ ማልሱን
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ
አድራሻ፦ ቡሳን፣ ዶልሳን ገበያ፣ ሁለተኛ መስመር
ቀን፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ዎን ጁንሆ (የጻፍኩት ግን እኔ ራሴ ምስክሯ ነኝ)

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ለፖሊስ ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቼ ነው። መርማሪው «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ» ቢለኝም የማታ ትምህርቱን ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ስለጨረስኩ እስክርቢቶውን ተቀብዬዋለሁ። የእጅ ጽሑፉንም አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ያንሳል።

ተጠርጣሪዋ ፒዮ ኦክቡን በጨው የተዘፈዘፈ ሽሪምፕ ትሸጣለች። ሱቆቻችን በአንድ ስስ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ዘመዴም ወዳጄም አይደለችም። በርሜሎቿን ወደ እኔ በኩል ስለምትገፋ ሰባት ዓመት ሰላም ተባብለን አናውቅም። ለእሷ ብዬ እንደማልዋሽ ገበያው በሙሉ ይመሰክራል።

ባለቤቷ ናም ቺልቦክ አምና ሞቷል። በሕይወት ሳለ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እየዘፈነ ድምፁን በምትቀዳ የኪስ ዘፈን ማጫወቻ ይቀዳ ነበር። ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ይመስል ነበር፣ እሷ ግን ትወደዋለች። ከቀብሩ በኋላ ማጫወቻውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትሰማ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ሽሪምፕ ስትጨልፍ ማጫወቻው በርሜል ውስጥ ገባና ዝም አለ። ድምፁ ሌላ ቦታ አልተቀመጠም።

መስከረም ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኙ ቢዮን ሳንግጉ «ከሞተ ማጫወቻ ዘፈን እናወጣለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። እኔም መንገድ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለማንም ብዬ ሳይሆን ማንበብ ስለምችል ነው። ኦክቡን ሰምታኝ ኖሮ በማግስቱ ሄደች። የራሴን ማጫወቻ ዘፈን ላስሞላ እኔም እዚያው ነበርኩ። ቢዮን የእሷን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ዘፈን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከፈተ። አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ሞላና «38 ዘፈኖች ተገኝተዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወዲያው አጠፋውና «ባዶ ነው እማማ፣ ጨው በልቶታል» አላት።

እኔም «ሠላሳ ስምንት ተገኝተዋል ይላል» አልኩ።

ቢዮን «ማታ ትምህርት ቤት ፊደል አስተምረው፣ አፍ መዝጋት ሳያስተምሩ ለቀቁሽ?» አለኝ።

ኦክቡን ፊቷን ሳታዞር «ተወው ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ የገዛ ስሟን እንኳ መጻፍ የቻለችው ትናንት ነው» ብላው ሄደች። ከእኔ እውነት የሌባ ውሸት ይጥማታል።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ተራራ ሊወጡ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ በደረት ኪሳቸው ማጫወቻ እያዘፈኑ በፊታችን አለፉ። የሚዘፍነው ቺልቦክ ነበር። ኦክቡን በርሜሉን ተሻግራ የማጫወቻውን ገመድ ያዘች። ሽማግሌው «ሌባ» ብለው ጮኹ፤ እሷም አልለቅም አለች። በዝርፊያ የተጠረጠረችው በዚህ ነው። ሽማግሌው ማጫወቻውን ከነዘፈኖቹ ከቢዮን እንደገዙ ተናግረዋል። ቢዮን ደግሞ ዘፈኖቹ የትም የሚገኙ የድሮ ዘፈኖች መሆናቸውን፣ ኦክቡንም በእርጅና እንደምትቀባጥር ተናግሯል። ካልታመነች እሷ ትታሰራለች፣ ድምፁም ለሽማግሌው ይመለሳል።

ዛሬ እኔ፣ ኦክቡን፣ ቢዮንና ሽማግሌው ምርመራ ክፍሉ ውስጥ በተሰበሰብንበት መርማሪውን «ዘፋኙ መሃል ላይ አቋርጦ ምን እንደሚል አስቀድሜ ልጻፍልህ» አልኩት። ጽፌ ሰጠሁት። ከዚያ ማጫወቻውን ከፈተ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቆመና «ኦክቡን፣ በሩን ዝጊው፤ ያቺ የደረቅ ዓሣ ጠንቋይ ጆሮዋን ለጥፋለች» አለ። ወረቀቴም ላይ የነበረው ይኸው ነው። ጠንቋይዋ እኔ ነኝ፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

ኦክቡን ከወንበሯ ተነስታ የምርመራ ክፍሉን በር ዘጋች። ያሁኑ በር ሲዘጋ ግን እኔ ከውስጥ ነበርኩ።

ከላይ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት ሕግ ይጠይቀኝ። ሠላሳ ስምንቱም ዘፈኖች ከነስድቡ ይመለሱላት። የጣት ቀለሙን ሳልነካ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ታክ ማልሱን
የመርማሪው ፊርማ፦ ዎን ጁንሆ