ድጎማ እና ዱጉማ

በደርግ መጨረሻ ሰሞን ነው። ከገለምሶ ወደ አሰበ ተፈሪ በምትሄድ ላንድሮቨር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት ጫት ነጋዴ ዝናብ ያጣውን የመንገድ ዳር ማሽላ እያዩ ያወራሉ።

«አቦ፣ ያኔ እኮ ማሽላው ሰው ይውጥ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያ የሸንጎ ተመራጭ የመጣ ጊዜ።»

«ምን ሊያደርግ መጣ?»

«መንግሥት ለገበሬው እህል ያወጣው ገንዘብ እኛ ጋ መድረሱን ሊያጣራ። ዋርካው ሥር ሰብስቦን፣ ‹ድጎማ ደረሰ?› አለ።»

«ደርሶ ነበር?»

«ኧረ የት ደርሶ! እኔ ደግሞ ድጎማ የሚባል ቃል የት አውቄ? በኛ ኦሮምኛ ‹ዱጉማ› እውነት ማለት አይደል? ‹እውነት ማሽላው ደረሰ?› ያለኝ መሰለኝ።»

«ወይኔ አባ! ምን አሉት ታዲያ?»

«እርሻዬን በእጄ እያሳየሁ፣ ‹ዱጉማ! ደርሷል፣ አልሐምዱሊላህ!› አልኩት። ሰዉ አጨበጨበ። እሱም ደስ ብሎት፣ እጄን ጨብጦኝ ሄደ።»

ነጋዴዋ እስኪበቃት ሳቀች።

«አሁን ቢመጣስ ምን ይሉታል?»

«አሁንማ ቃሉን አውቄዋለሁ፣ ልጄ። የጠፋው የሚጠይቀኝ ነው።»

አሰበ ተፈሪ እስክንገባ ድረስ ዓይኔን ከማሽላው ላይ አላነሳሁም።