ዱለት ቤት የጀመረ ነርስነት

አርዋ ሙስጠፋ በዚያ ሐሙስ አሥር ሰዓት ገደማ ካዛንቺስን አቋርጣ ወደ ኮሌጇ ስትጣደፍ ያያት ሰው፣ ከኋላዋ ውሻ የለቀቁባት ይመስለው ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ፎርም ይዛለች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለሬጅስትራር ካስረከበች ከነርስነት ወጥታ ማርኬቲንግ ትገባለች፤ ካላስረከበች ነርስነቱ ይጸናል።

ነርስነት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችው ነገር ነው። ገና ክፍል ሳትገባ የሰፈሩ ሰው «ሲስተር» እያለ የደም ግፊቱን ያማክራት ጀምሯል። ትናንት ግን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በተዘጋጀ የሆስፒታል ጉብኝት ላይ የአንድ ሰው ቁስል ሲጠረግ አየችና ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ዘጭ አለች። ከመውደቋ ይልቅ ያሳፈራት በሽተኛው «እሷን አንሷት፣ እኔ እቆያለሁ» ማለቱ ነው።

በጋሽ ዘይኑ ዱለት ቤት ደጃፍ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ተጠራች። ጋሽ ዘይኑ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱለት የሠሩ፣ ምላሳቸውም እንደ ቢላዋቸው የተሳለ ሰው ናቸው።

«ሲስተር! ሰላምታ ቀረ እንዴ?»

«ይቅርታ ጋሽ ዘይኑ፣ ቸኩዬ ነው። ሲስተር የሚሉኝንም በቃ ይተዉት። ልቀይር ነው።»

«ምኑን?»

«ትምህርቱን። ማለቴ… እጸየፋለሁ። ደም፣ መግል፣ ትውከት ሳይ ራሴን አዙሮ ይጥለኛል። ነርስ የሚሆን ሰው ሲፈጠርም ሆዱ ደንዳና ሆኖ ነው። እኔ እንዲያ ሆኜ አልተፈጠርኩም።»

ጋሽ ዘይኑ ሳቁ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ድስቱን የምትጠርጊው ዱለት ከምን የሚሠራ ይመስልሻል? ከጽጌረዳ?»

«እሱማ ከበግ ነው።»

«ከበግ ከየቱ? የተማርሽ አይደለሽ? ንገሪኝ እንጂ።»

«ከ… ጨጓራው።»

«ጨጓራው ውስጥስ ምን ነበር?»

«ኧረ በአላህ ጋሼ!»

እውነት ለመናገር፣ እኛ ሰፈር መጸየፍ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። አፍንጫዋን የያዘች ልጅ «የደህና ሰው ልጅ» ተብላ ትመሰገናለች፤ የታመመውን ሰው የምታጥበዋን ግን ስሟን የሚያነሳ የለም። ሲያመን ግን የምንጠራው ያችኑ ነው።

«ስሚኝማ» አሉ ጋሽ ዘይኑ፣ በርጩማ ገፋ አድርገውላት። «ይህን ሥራ ስጀምር የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ጨጓራ ስከፍት እላዩ ላይ አስመለስኩበት። አሠሪዬ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ አልሳቁብኝም። ‹ዘይኑ፣ ጠረኑን አትከተል፣ ሥራውን ተከተል። ቀጥሎ ምን ይፈልጋል በል። ውሃ ከፈለገ ውሃ ስጠው፤ መፋቅ ከፈለገ ፋቀው› አሉኝ። ከሳምንት በኋላ ጠረኑ ጠፋ አልልሽም። ጠረኑ ዛሬም አለ። ሥራ ላይ ስለሆንኩ አያገኘኝም እንጂ።»

«ይቅርታዎንና፣ ጨጓራና ሰው አንድ አይደለም። በጉ ሞቶ አርፏል፤ በሽተኛ ግን ያቃስታል፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ደግሞ ልቤ እሺ ቢል እንኳ ሰውነቴ ይወድቃል።»

«መምህሮችሽስ ምን አሉሽ?»

«ሲስተር ሜቲ የምትባል መምህራችን፣ ይህ ስንፍና አይደለም አለችኝ። አንዳንድ ሰው ደም ሲያይ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። ራስሽን ሊያዞርሽ ሲል ጭንሽን፣ ሆድሽን፣ ክንድሽን እስከ አሥራ አምስት እየቆጠርሽ አጥብቂ፣ ከዚያ ፍቺ፣ ድገሚ አለችኝ። በትንሹም ጀምረሽ እየጨመርሽ ተለማመጂ ብላኛለች። ለማጽናናት ብላ ነው መሰለኝ።»

«ሞከርሽው?»

«አልሞከርኩም።»

«አየሽ! ሳትቀምሺ ጨው በዛበት ትያለሽ። ተነሺ!»

አርዋ እንቢ ለማለት አፏን ስትከፍት ጓሮ ደርሳ ነበር። በፈላ ውሃ የተነከረ የበግ ጨጓራ በሳፋ ውስጥ ይጠብቃታል። ጠረኑ ሲመታት ዓለም ልትዞርባት ከጀለች። ጭኗን፣ ሆዷንና ክንዷን አጠበቀች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አምስት ላይ ሳፋው በቦታው ረግቶ ታያት።

«ምን ይፈልጋል?» አሉ ጋሽ ዘይኑ።

«መ… መፋቅ።»

«ፋቂዋ!»

ፋቀች። ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ አፏ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ ፋቀች። ጥቁሩ ሽፋን እየተላጠ ነጩ ብቅ ሲል ግን ልቧ በደስታ ዘለለ። «ጋሼ፣ እዩት! እዩት እንጂ! ነጣ!» ብላ ጮኸች። በውድድር ያሸነፈች ነው የምትመስለው።

ጋሽ ዘይኑ ሊያዩ ዘወር ሲሉ፣ ጉበት ይከትፉበት የነበረው ቢላዋ አዳለጣቸውና የግራ መዳፋቸውን ሸረከተው። ደሙ ፊን አለ።

«ቡና! የተፈጨውን ቡና ከመደርደሪያው አምጪልኝ!»

አርዋ ደሙን አየችው። ጆሮዋ ጭው አለ። «ምን ይፈልጋል?» አለች ለራሷ፤ ጭኗን እንደገና አጠበቀች። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ካልተነካው ጥቅል ፌስታል መዝዛ እንደ ጓንት አጠለቀችው፣ የታጠበ ፎጣም አንስታ መዳፋቸው ላይ አጥብቃ ጫነች።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉ።»

«ልጄ፣ ቡናው ይቅደም! እናቴ ስምንታችንን በቡና ነው ያከመችን። አንዳችንም ደማችን ፈስሶ አልሞትንም።»

«ደሙን የሚያቆመው መጫኑ ነው ጋሼ። ቡናው ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፤ ሐኪሙም ሲፍቀው ይውላል።»

«ቡና ቆሻሻ ነው ልትይኝ ነው?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሥጋ መሬት ቢወድቅብዎ ዱቄት ነስንሰውበት ለሰው ያቀርባሉ?»

«አስተግፊሩላህ! አጥበዋለሁ እንጂ!»

«ታዲያ የእርስዎ መዳፍ ከበግ ሥጋ ያንሳል?»

ጋሽ ዘይኑ እጃቸውን ከፍ አደረጉላት። ሠላሳ ዓመት ደንበኛ ሲረቱ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ሙያቸው መረታታቸው ነበር። «በይ ውሰጂኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «የምትጫኚበትን ጉልበት ግን ቀንሺ፤ እጄን ዱለት ልታደርጊው ነው።»

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነበር። ዘአማኑኤል የተባለ ነርስ ፎጣውን ገልጦ ሲያይ ደሙ ቆሟል።

«ቡና የለበትም? ጎበዞች! እንዲህ ቢመጡልኝ ሁሉም!»

«እኛ ሰፈር ቡና ይጠጣል እንጂ ቁስል ላይ አይደረግም» አሉ ጋሽ ዘይኑ ኮራ ብለው። አርዋ ሳቋን ዋጠች።

ነርሱ ቁስሉን አጥቦ፣ ማደንዘዣና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋቸውና መስፊያውን ሲያዘጋጅ ወደ እርሷ ዞረ። «አንቺ ውጪ ብትጠብቂ አይሻልም? አንዳንድ ሰው ይወድቅብናል።»

«እኔም ከሚወድቁት ነኝ» አለች አርዋ። «ግን ልየው። የአንደኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ነኝ።»

መርፌው ቆዳውን ሲበሳ ላብ አጠመቃት። አጠበቀች፣ ቆጠረች፣ ፈታች። በሁለተኛው ስፌት እንደገና ቆጠረች። በአራተኛው ግን መቁጠሩን ረስታ፣ ክሩ እንዴት እንደሚቋጠር አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ሰዓቱ!» አሉ ጋሽ ዘይኑ ድንገት ግድግዳውን አይተው። «አሥራ አንድ ከሩብ ሆነ! ፎርምሽ አለፈብሽ እኮ!»

«ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ፤ ቋጠሮው ይላላል።»

እነሆ፣ ከዚያ ቀን ትርፉ ለሁለቱም ነበር። ጋሽ ዘይኑ ቁስላቸው ሳይመረቅዝ ቶሎ ድኖላቸዋል፤ ዛሬ ቢላዋ የነካውን ሠራተኛ «እጠብ፣ ተጫን፣ ታከም» የሚሉት እርሳቸው ናቸው። አርዋም የተማረችው ልብን ማደንደን አይደለም፤ የደነደነ ልብ ለበሽተኛ አይጠቅምም። መጸየፍ ሲመጣ አይታው፣ ሳትሸሽ፣ የሚያስፈልገውን መሥራት ነው። ይህ ደግሞ ሲወለዱ የሚሰጥ ሳይሆን በልምምድ የሚገኝ ነው። ልጅ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ «አትንኪ» ከማለታችሁ በፊት «እጅሽን ታጥበሽ እርጂ» ብትሉ ምን ይጎድልባችኋል?

በዚያው ሐሙስ፣ ነርሱ ፋሻውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ፣ አጠገባቸው አልጋ ላይ የተኙ አንዲት አሮጊት ድንገት ተነሥተው ደረታቸው ላይ አስመለሱ። «ልጄ… ልጆቼ…» አሉ በኀፍረት ፊታቸውን እየሸፈኑ።

ዘአማኑኤል እጁ ተይዟል። ቀና ብሎ የሚረዳው ሰው ሲፈልግ፣ አርዋ አጠገቡ አልነበረችም። ጓንት አጥልቃ አሮጊቷን በጎን አስደግፋቸዋለች፣ ከአልጋው ሥር ያነሳችውን ሳህን ከአገጫቸው በታች ይዛለች።

«አይዞዎት እማማ፣ ምንም አይደል። ይውጣልዎ» ትላለች።