የጭድ ቤቱ የኔታ

በቢቸና መናኸሪያ ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ የኔታ ወልደ ሰንበት አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰው እንዳይቀመጥ አጠገባቸው ያለውን ቦታ በከረጢታቸው ይዘውታል። ከረጢቱ ላይ ጠርዟ የጎበጠ የቆርቆሮ ጣሳ ታስራለች። ለማያውቃቸው ሰው ኩሩ መምህር ይመስላሉ። ኩራትስ ቢሆን በማን ዕድላቸው! እኒህ ሰው ከሦስት ዓመት ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም፤ ከዚያች ጣሳም ከእሳቸው በቀር የጠጣ የለም።

«የኔታ፣ ሌላ ቦታ የለምና ከረጢቱን ላንሣው?» አለች አንዲት ወጣት፣ ጥምጥማቸውን አይታ።

«ለራስሽ ብዬ ነው ልጄ፤ ከፊት ፈልጊ። እኔ ሳለኛ ነኝ።»

«ከፊትማ ሞልቷል። የሞጣ መንገድ ደግሞ ቆመው የሚዘልቁት አይደለም» አለችና ከረጢቱን በአክብሮት ጭናቸው ላይ አኑራ ቁጭ አለች። የትናየት ትባላለች፤ የሞጣ ልጅ ናት። በጤና መኮንንነት ተመርቃ እዚያው አገሯ ታገለግላለች። የኔታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሰው እንዲህ ተጠግቷቸው ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ሆኖ ነበር።

«ለደኅና ነው ወደ ሞጣ?»

«የልጄ ልጅ ነገ ክርስትና ትነሣለች።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት! ታቅፈው ሊመርቁ ነዋ!»

«የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ቆሜ በሩቁ አያትና እመለሳለሁ። ልጄ አስቻለች መምጣቴንም አታውቅ።»

የትናየት ደነገጠች። የኔታም፣ የሰው ጨዋታ ርቧቸው ኖሮ፣ ነገሩን ሳይደብቁ ነገሯት። ወንድማቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞቷል፤ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። ከዓመታት በኋላ እሳቸውንም ሳል ያዛቸው፤ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። ያን ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ሌላ መምህር ፈልጉ ብለው አሰናበቱ። ቤታቸውን ለእህታቸው ቤተሰብ ለቀው፣ ከጓሮ ካለው ጭድ ቤት ገቡ። ምግባቸውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጡላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ወጥተው ያነሣሉ።

«ሳይመረመሩ ነው ይህ ሁሉ?»

«ተመርምሬያለሁ እንጂ። አክታዎ ንጹሕ ነው፣ ነቀርሳ የለብዎትም፣ ያለብዎ አስም ነው አሉኝ። እንግዲህ ሽማግሌ ላለማስደንገጥ ያሉት ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የቅኔውን ስውር መንገድ ለስንቱ ያሳዩ ሊቅ፣ በፍርሃት ተይዘው ግልጹን ነገር አላምን አሉ። መማርና መፍራት አንድ ቤት ያድራሉ ጎበዝ!

«የኔታ፣ ሳል ሁሉ አንድ አይደለም። ነቀርሳ ይጋባል፤ ስለዚህ መመርመር ግድ ነው፤ እርስዎም ደግ አደረጉ። አስም ግን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከል ዘበኛ አለ። የአንዳንዱ ሰው ዘበኛ ግን እንደ ባለጌ ውሻ ነው፤ ሌባውን ትቶ እንግዳውን ይናከሳል። ብናኝ ወይም አቧራ ሲገባ ጠላት መጣ ብሎ ይነሣል። በዚህ ጊዜ የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል። ፉጨቱም ከዚያ ነው።»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው? አባቶቻችን ከከብት ጋር አድረው፣ አውድማ ላይ ውለው፣ አስም የሚባል ስሙንም አልሰሙ!»

«ግማሹ እውነትዎን ነው። ተመራማሪዎችም በቅርብ ዓመታት ያገኙት ይህንኑ ነው፤ በሕፃንነቱ ከከብት ጋር ያደገ ልጅ ባብዛኛው እንዲህ ያለው ሕመም ያንስበታል። ዘበኛው ገና በጠዋቱ ወዳጅና ጠላት መለየት ይማራል ይላሉ።»

«አየሽ!»

«ቢሆንም ሁሉን አያድንም። ትንፋሽ አጥሮት የሞተ በአገርዎ አልነበረም?»

የኔታ ወደ ኋላ አሰቡ። አያታቸው በየዓመቱ በውቂያ ሰሞን ሲያፏጩ ኖረው፣ አንዱን ጥር አውድማ ዳር መሞታቸው ትዝ አላቸው። ያን ጊዜ «ዓይነ ጥላ ነው» ተባለ።

«የሰጡዎት መድኃኒት የለም?»

«አለ፤ ፓፍ የሚሉት፣ በአፍ የሚሳበው። ሁለት ነው፤ ሰማያዊና ቡናማ። አልነካሁትም፤ እንዲሁ በከረጢቴ ይዤው እዞራለሁ። የመጨረሻ መድኃኒት ነው፣ የጀመረ አይተወውም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው።»

«ሰው ብዙ ይላል የኔታ። ሱስ አያስይዝም። ሰማያዊው የጠበበውን ቶሎ ይከፍታል። ድሮ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ይዞ ይኖር ነበር፤ ጥናቱ ግን ሥሩ እብጠቱ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ እብጠቱን የሚያበርደውን፣ ቡናማውን፣ ደኅና በሆኑበትም ቀን መሳብ ነው። ደግሞስ የት ነበር የሚያድሩት ያሉኝ?»

«ጭድ ቤት።»

«ወይኔ! ብናኙ መካከል! ሰውን ሊያድኑ ብለው እሳቱ ውስጥ ገቡ እኮ! ሕመሙ የባሰብዎ ለምን መሰለዎት?»

የኔታ ወራቱን መልሰው ቆጠሩ። እውነትም ሳሉ የጠናባቸው እዚያ ከገቡ ወዲህ ነው። እሳቸው ደግሞ በባሰባቸው ቁጥር «ይኸው ነቀርሳው!» እያሉ ወደ ውስጥ ይሸሹ ነበር።

ደብረ ወርቅ ሊደርሱ ሲሉ ከመንገዱ ዳር ጤፍ ይወቃ ነበርና ነፋሱ ብናኙን አንሥቶ በመስኮቱ አስገባው። የኔታ ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘች። የኔታ ያን አዩ፤ ከመታፈኑ ይልቅ እሱ አመማቸው።

«ሾፌር፣ ከብናኙ ዘለቅ በልና አቁምልን!» ብላ ጮኸች የትናየት። መስኮቱን ዘግታ ከረጢቱን በረበረች፤ ሰማያዊውን አገኘችው። «ቀና ይበሉ። ትንፋሽዎን ያውጡ። አሁን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ያቆዩት... ደግሞ አንዴ።» እንዲህ እያለች ደጋገመችላቸው። ጥቂት ቆይቶ ፉጨቱ ረገበ፤ የኔታ ሙሉ አየር ሳቡ። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

የዕለቱን ቡናማም እንዲስቡ አደረገች። «ከዚህ በኋላ አፍ መጉመጥመጥ ነው» ብላ በጣሳቸው ውኃ ሰጠቻቸው፤ ወርደው ተጉመጥምጠው ተፉ። የትናየት በዚያችው ጣሳ ውኃ ሞላችና ወደ አፏ አስጠጋች።

«ተይ! ተይ ልጄ! በእመቤቴ!»

ጭልጥ አደረገችው። «ጠምቶኝ ነበር» አለች። ያች ሴትዮም ይህን አይታ ሻሿን ከአፍንጫዋ አወረደች።

ግንደወይንን አልፈው ሞጣ ገቡ። መናኸሪያው ደርሰው ሲወርዱ የኔታ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል ነበር፤ እኔ ጠምጥሜ ቀርቻለሁ። ልጄ ቤት ድረስ አድርሺኝ፤ ብቻዬን ከሄድሁ ከደጅ እመለሳለሁ» አሏት።

አስቻለች በሩን ስትከፍት አባቷን አይታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እራት ሲቀርብ የኔታ እንደ ልማዳቸው ወደ ጥግ ሊሉ ሲሉ አስቻለች እጃቸውን ይዛ ማዕዱ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ የመጀመሪያውንም ጉርሻ አጎረሰቻቸው።  ከሦስት ዓመት በኋላ ከሰው እጅ ጎረሱ።

ሕፃኗን በማግሥቱ አቅፈው መረቁ። ቢቸና ሲመለሱም ከጭድ ቤቱ ወጥተው ቤታቸው ገቡ፤ የጭድ ፍራሻቸው ተጣለ። ቤቱ ሲጠረግ ውኃ ይርከፈከፋል፤ በውቂያ ሰሞን ከአውድማ ይርቃሉ፤ ቡናማውን ጠዋት ማታ ሳያጓድሉ ይስባሉ፤ ሐኪም በቀጠራቸው ቀን ይሄዳሉ። ደረታቸው ዝም አለ፤ እንቅልፋቸው ተመለሰ። አምስት ተማሪዎችም ተመለሱ፤ የየኔታ ድምፅ እንደ ድሮው ባይሆንም ዜማውን ይዘልቁታል። አንባቢ ሆይ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የተነገረውን ያላመነም እንደዚያው ነው። ስንቱ ሰው ይሆን ሳይጋባ ይጋባል እየተባለ፣ ወይም ራሱ እያለ፣ በየጓሮው ብቻውን የሚስል?

ለፋሲካ አስቻለች ሕፃኗን አዝላ ቢቸና መጣች። ጥርስ ልታወጣ የደረሰችው ሕፃን ምንጣፉ ላይ ያገኘችውን ጣሳ ይዛ፣ የጎበጠውን ጠርዝ በድዷ ታኝከው ጀመር። የኔታ ሊነጥቋት እጃቸውን ሰደዱ፤ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት።

«ልውሰድባት አባዬ?» አለች አስቻለች።

«ተያት» አሉ የኔታ። «የአያቷ ጣሳ ነው።»