ፎቶ ቁጥር 412 እና የቅዳሜው ቃሌ

የምስክር ቃል መቀበያ (ተጨማሪ ቃል)

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ነስሩ ሳዲቅ ሁሴን
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ፎቶ አንሺ፣ የፎቶ ቤት ባለቤት
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ መናኸሪያ አካባቢ
ቋንቋ፦ ሀዲይኛና አማርኛ፤ ቃሉን የሰጠው በአማርኛ ነው
ከተጠርጣሪዋ ረምላ ከድር ጋር ያለው ግንኙነት፦ የሥራ ባልደረባ፣ ዝምድና የለም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ወንዳፈረው አኑሎ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ቅዳሜ ጥር 13 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በዚሁ ቢሮ ቃሌን ሰጥቼና ፈርሜ ሄጃለሁ። በዚያ ቃሌ ላይ ረምላ ከድር ሙሽራዋንና የሙሽራውን እናት ወ/ሮ አባይነሽን ስትገፋ በዓይኔ አይቻለሁ ብያለሁ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር የመጣሁት ያ ቃል ስህተት ስለሆነ ነው። ረምላ ማንንም አልገፋችም። በእኔ ቃል ምክንያት ሁለት ሌሊት ታስራ አድራለች፤ ወ/ሮ አባይነሽም ትናንት ስላረፉ ጉዳዩ ወደ ሰው መግደል እንደሚዞር ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲገባ በመጀመሪያ ስለ ካሜራዬ ማስረዳት ይኖርብኛል። በዚህ ሥራ ላይ ያለሁት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በፊልም ዘመን አንድ ፊልም 36 ፍሬ ስለነበር እያንዳንዷን ዓይኔን ገጥሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነሳሁት። አምና የገዛሁት ካሜራ ግን መመልከቻው ኤሌክትሮኒክ ነው። ቪውፋይንደር የምንለው፣ ዓይን የሚገጠምበት ቀዳዳ ውስጥ ደቃቅ ቴሌቪዥን አለ ማለት ነው። ያው ምስል ከካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይም ይታያል፤ በየትኛው እንደሚያነሳ የሚመርጠው አንሺው ነው። እኔ ሁልጊዜ ቀዳዳውን ነው የምመርጠው። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ የራስን ፊት መልሶ ነው የሚያሳየው፤ በቀዳዳው ግን ምስሉ ጥርት ይላል፣ ካሜራውም ፊት ላይ ስለሚደገፍ አይነቃነቅም።

ረምላ ከእኔ ጋር አራት ዓመት ሠርታለች። እሷ ካሜራውን ደረቷ ላይ አድርጋ በስክሪኑ ነው የምታነሳው፤ ፀሐይ ሲበረታ በሻርፗ ጫፍ ትጋርደዋለች። አንገቷን ደፍታ ባየኋት ቁጥር ‹‹ወጡ በሰለ ወይ?›› እያልኩ እተርባታለሁ፤ ድስት ከፍታ የምታይ ሴት ስለምትመስለኝ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ በእኔ ካሜራ ፎቶ ሲነሳ የተነሳው ፎቶ በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆሞ እንዲታይ ተደርጎ የተስተካከለ መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ አንሺው የሚያየው ያለፈውን እንጂ በፊቱ ያለውን አይደለም። ማን ዓይኑን እንደጨፈነ ወዲያው ለማወቅ ስለሚረዳኝ ወድጄው ነበር። ረምላ ግን ‹‹ጋሼ ነስሩ፣ ይህን ነገር አጥፋው፤ የሞተ ነገር እያየህ ነው ሰው የምታዝዘው›› ብላኝ ታውቃለች። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

ቅዳሜ ዕለት ጃጁራ የሄድነው ለአቶ ዋለ ኤርጃቦና ለወ/ሪት ሐዳሳ ሎምባሞ ሠርግ ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ሥነ ሥርዓት አንስተን ከቀኑ 6፡30 ላይ ወደ ሙሽራው እናት ግቢ ደረስን። ወ/ሮ አባይነሽ ለእኔና ለረምላ ብለው በግ በሙስሊም አሳርደው፣ በሙስሊም ለብቻ አሠርተው ነበር። ‹‹ሳትበሉ ካሜራ አትነኩም›› ብለው አስቀመጡንና ራሳቸው አቀረቡልን። ይህን የምናገረው ረምላ እኚህን ሴት የምትጠላበት አንዳች ምክንያት እንዳልነበራት እንዲታወቅ ነው።

7፡30 ላይ እንግዳው በድንኳን ምሳ ሲበላ፣ የቤተሰብ ፎቶ ለማንሳት ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንሰት ጓሮ ሄድን። እዚያ የነበርነው ሙሽሮቹ፣ ወ/ሮ አባይነሽ፣ ረምላና እኔ ብቻ ነን። መሬቱ ላይ አዲስ የታጨደ ሣር ተጎዝጉዞ በጣም ያምር ነበር። ረምላ ከጎን በኩል ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብላ በስክሪኑ ለማንሳት ስታጎነብስ እንደ ልማዴ ‹‹ወጡ በሰለ ወይ?›› አልኳት። ሙሽሮቹ ሳቁ። እሷም ‹‹እኔ በሁለት ዓይኔ ነው የማየው፤ አንተ ባንዱ ብቻ ነህ፣ ጋሼ ነስሩ›› አለችኝ። ወ/ሮ አባይነሽም ‹‹ተው አትተርባት፤ ያንተ ዓይን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ሊቀር ነው›› አሉ። ሁሉም ተሳሳቁ። በቅዳሜው ቃሌ ረምላ በቀልዴ ተናዳ ነበር ብያለሁ። የተናደድኩት እኔ ነኝ። በደንበኛ ፊት ስለመለሰችልኝ እልህ ይዞኝ ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከቀዳዳው አልነቀልኩም።

የሙሽራዋ ቬሎ ጅራቱ ረጅም ስለነበር ከፍሬሙ ወጣብኝ። ከኋላዬ የድንኳኑ ገመድ ስላለ እኔ መሸሽ አልቻልኩም። ስለዚህ ‹‹አንድ እርምጃ ወደ ኋላ›› አልኩ፤ በሀዲይኛም ደገምኩት። ታዘዙኝ። ሠርግ ላይ ሰው ለፎቶ አንሺ የሚታዘዘውን ያህል ለሽማግሌም አይታዘዝም። ወ/ሮ አባይነሽ የቬሎውን ጅራት ሊዘረጉ ከሙሽራዋ ኋላ አለፍ ብለው አጎነበሱ፤ ዘርግተው ሲጨርሱ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጫንኩት። ይህ ፎቶ ቁጥር 412 ነው።

ፎቶው በቀዳዳው ውስጥ ቆመ። ሙሽሮቹ ፈገግ ብለዋል፤ ወ/ሮ አባይነሽ አፋቸውን ከፍተው የሳቁ መሰሉኝ። ‹‹ጎበዝ! እንዲሁ ሁኑ፣ እንዳትንቀሳቀሱ!›› አልኩ። የሚሰበር ነገር ድምፅ ሰምቻለሁ። ነገር ግን በዓይኔ ፊት ሦስቱም በደህና ቆመው ስለነበር ድምፁ ከድንኳኑ የመጣ መሰለኝ። ያ ምስል ጠፍቶ የጊዜው ምስል ሲመለስ ረምላ ፍሬሙ ውስጥ ናት። በአንድ እጇ የሙሽራዋን ክንድ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ነጠላ አንጠልጥላለች። ሙሽራዋ በግንባሯ እየወደቀች ነው። ወ/ሮ አባይነሽ የሉም። ደንግጬ ጣቴ ተጫነ፤ ያ ፎቶ ቁጥር 413 ነው።

ዓይኔን ስነቅል ሣሩ መሀል ጉድጓድ ተከፍቷል። ከውስጡ ምንም ድምፅ አልነበረም። ካሜራውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዋለ ‹‹እማ!›› ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሊዘል ሲል ወገቡን ይዛ ያስቀረችው ረምላ ናት። እኔ አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀስኩም። ሰዎች ከድንኳኑ ሮጠው ሲመጡ ሙሽራዋ ክንዷ ተሰብሮ ትጮኻለች፤ ረምላ ነጠላውን እንደያዘች ናት። ‹‹ምን ሆነ? ማን ምን አደረገ?›› ሲሉ ‹‹ረምላ ገፋቻቸው›› አልኩ። ያየሁት እሱን ነበርና። ሙሽሮቹ ወደ ካሜራው እያዩ ስለነበር ከኋላቸው የሆነውን አላወቁም። ረምላ ለፖሊስ አስረድታለች፤ ነገር ግን ለአካባቢው ሰው እሷ ትናንት የመጣች ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ የብዙዎቹን ሠርግ ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ የእኔ ቃል ከእሷ ቃል በለጠ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊስ ሲወስዳት አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ ‹‹ጋሼ ነስሩ?›› አለችኝ። የእሷ ካሜራ ወድቆ በተገኘበት በኤግዚቢትነት ተያዘ። የእኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ትናንት እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወ/ሮ አባይነሽ በሆስፒታል አረፉ። 10 ሰዓት ላይ ዋለ ደወለልኝ። ‹‹ጋሼ ነስሩ፣ ለቀብሩ የሚያዝ የእማዬን ፎቶ አሳትምልኝ፤ የምትስቅበትን›› አለኝ። ሲስቁ ያየኋቸው በ412 ነው ብዬ ሚሞሪ ካርዱን ፎቶ ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። በቀዳዳው ውስጥ የጥፍር ያህል የነበረው ፊት ሲሰፋ ሳቅ አልነበረም። ዓይናቸው ፈጧል፤ አፋቸው የተከፈተው ሊጮኹ ነው። ወደ ታች ስወርድ ግራ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሣሩ ውስጥ ገብቷል፤ ሣሩም ዙሪያውን ጎድጉዷል። በዚህ ፎቶ ላይ ረምላ የለችም። የተነሳው 7፡42 ከ16 ሰከንድ ላይ ነው። እሷ የምትታይበት 413 የተነሳው ከሦስት ሰከንድ በኋላ ነው። መሬቱ የከዳቸው እሷ ከመድረሷ በፊት ነው። ሙሽራዋን ወደ ፊት ነው የጎተተቻት፤ ነጠላውም ወ/ሮ አባይነሽን ልትይዝ ስትል እጇ ላይ የቀረ ነው። እኔ ‹‹እንዳትንቀሳቀሱ›› ስል ሴትየዋ እየወደቁ ነበር።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ጵርስቅላ ሮጣ ገብታ ‹‹ማን ሞተ?›› አለችኝ። ከወጣች በኋላ ያሰብኩትን አልደብቅም። ፊታቸውን ብቻ ቆርጬ ባስቀር፣ እግራቸውን ባጠፋው ማንም አያውቅም ብዬ አስቤያለሁ። ማውዙ ላይ እጄን አድርጌ ቆይቻለሁ። አልቆረጥኩትም፤ ፎቶውን እንዳለ ከነካርዱና ከነካሜራው ዛሬ አስረክቤያለሁ።

መርማሪው ጉድጓዱ እዚያ መኖሩን አውቅ እንደነበር ጠይቆኛል። አውቅ ነበር። ዓርብ ጥር 12 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቦታ ለመምረጥ ወደዚያ ግቢ ሄጄ ነበር። አዲስ የተቆፈረ፣ ገና ያልተሠራ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ አጠና ተጋድሞበት፣ ሰው እንዳይጠጋው ዙሪያው እሾህ ታጥሮ ነበር። በቀዳዳው ሳየው እሾሁና አጠናው ከእንሰቱ ጋር አስቀያሚ ሆነብኝ። ወ/ሮ አባይነሽን ‹‹ይሄ ፎቶ ያበላሻል፤ እሾሁን አንስታችሁ ሣር አልብሱት›› አልኳቸው። ‹‹ሰው ቢረግጠውስ?›› አሉኝ። ‹‹እኔ እዚያ አይደለሁ? አሳያቸዋለሁ›› አልኩ። በማግስቱ በቀዳዳው ውስጥ የታየኝ አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው፤ የተናገርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ረምላ ዓርብ ዕለት አብራኝ አልነበረችም፤ ስለ ጉድጓዱም አልነገርኳትም። ከስክሪኑ ቀና እያለች በፊቷ ያለውን ስለምታይ ብቻ ነው ሣሩ ሲሰምጥ ያየችው።

ይህ የመጨረሻው ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል መርማሪው ነግሮኛል፤ ገብቶኛል። እሾሁን አንሱ ያልኩት፣ ወደ ኋላ ያልኩት፣ ገፋቻቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ወንጀል ካለ እዚህ ነው ያለው፤ እሷን ፍቱልኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ለዋለ የሰጠሁት ፎቶ ቁጥር 371ን ነው። ወ/ሮ አባይነሽ ትሪ ይዘው ‹‹ብሉ እንጂ!›› እያሉ ከልባቸው ሲስቁ ያሳያል። እሱን እኔ አላነሳሁትም። እጄን ልታጠብ በሄድኩበት ረምላ የእኔን ካሜራ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ በስክሪኑ እያየች፣ ፊቷን ሳትሸፍን እያናገረቻቸው ያነሳችው ነው። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቀብሩ ፊት ለፊት የሚያዘው ይኸው ፎቶ ነው። ዋለ ማን እንዳነሳው አያውቅም። ከዚህ እንደወጣሁ ጃጁራ ሄጄ ከቀብሩ በፊት እነግረዋለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። የቅዳሜው ቃሌ ከዚህ ጋር በሚጋጭበት ሁሉ ያኛው ሐሰት፣ ይኸኛው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ነስሩ ሳዲቅ (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ወንዳፈረው አኑሎ (ተፈርሟል)
የተረከብነው፦ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ ሳይቆረጥ የታተመ ፎቶ ቁጥር 412 አንድ ቅጂ