በግራ በኩል በር ያላት ጀልባ

በዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ በኒውዚላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዋይሮንጎ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ አንዲት አዲስ የአሉሚኒየም ጀልባ ተመርቃ ባሕር ልትገባ ተዘጋጀች። በተጎታች ላይ ሆና አሸዋው ዳር ቆማለች፤ ትራክተሩ ተያይዟል፤ ሽማግሌው ቲፔኔ ጸሎት እስኪያደርሱላት ይጠበቃል።

በዓሣ አጥማጆቹ ክበብ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ለእንግዶች ዳቦ ላይ ቅቤ ይቀባሉ። አንዷ ሂኔዋይ ናት፤ ጀልባዋን ያሠራው ሰው ሚስት። ሌላዋ ሪፔካ ናት፤ የዚያው ሰው የረጅም ዘመን የባሕር ጓደኛ የፓኦራ ሚስት። ፓኦራ ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ ባሕር ወጥቶ አያውቅም።

የምትናገረው ሪፔካ ነበረች።

«ቅቤው ጠንክሯል አይደል? ወደ መስኮቱ አስጠጊው፣ ፀሐይ ይምታው። እንዴት ያለ ቀን ነው እባክሽ! ነፋስ የለ፣ ማዕበል የለ... እንዲህ ያለ ቀን ለሁሉም አይሰጥም። የታደለ ሰው ግን ጀልባውን ሲያስመርቅ ባሕሩም ይተኛለታል።

ዳቦው ይበቃ ይሆን? መንደሩ እኮ ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው። የቀረ ሰው የለም... አንድ ሰው ብቻ። እሱም ቢሆን ቀረ አይባልም፤ ከቤቱ መስኮት ሆኖ በሩቅ ማያ መነጽሩ ያያል። ዛሬማ ማልዶ ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ። «ምነው፣ ቀጠሮ አለህ እንዴ?» ስለው «ለነፋሱ ነው» አለኝ። በተዘጋ መስኮት ስንት ነፋስ ይገባል? በግራ እጁ ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል፤ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩለት፣ ሬዲዮውን ከፈትኩለት፣ ጥዬው መጣሁ። ና ያላለውን... ማንም ና ያላለውን ሰው እንዴት ብዬ ላምጣው?

ተይው እሱን። ዛሬ የደስታ ቀን ነው።

እኔ አንድ የማደንቃቸው ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸውን ልተወው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲመሰገን ይሽኮረመማል። ጀልባ ማሠራት እንዴት እንደሆነ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው ተሠርታ ያለቀች ጀልባ ገዝቶ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ ያማርራል። እርሳቸው ግን ክረምቱን በሙሉ ዱጋል ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ከረሙ። ዱጋል ራሱ ነው የተናገረው፤ አንዱን ብረት ቆርጦ ሳይጨርስ «አፍርሰው» ይሉታል፣ ሌላውን በይዶ ሳይቀዘቅዝ «ዝቅ አድርገው» ይሉታል። አይ ትጋት! ወዳጅ ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ሥራቸውን አላቋረጡም። ሆስፒታሉና ብየዳ ቤቱ አንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ አይደል? በመኪና ሲታለፍ መስኮቶቹ ይታያሉ። ግን ሥራ የያዘ ሰው በየመስኮቱ ይቆማል እንዴ?

አልመጡም ግን አልልም። እኔ የማወራው ያየሁትን ብቻ ነው። ፓኦራ ቤት በገባ በሰሞኑ አንድ ቀን መጡ። ደስ ብሎኝ ሻይ ቀዳሁ። ምን ይዘው የመጡ ይመስልሻል? ብርቱካን? አበባ? ሜትር! የመለኪያ ሜትር፣ እህቴ! ፓኦራ እንደተቀመጠ ወንበሩን ለኩት። ቁመቱን ለኩ፣ ስፋቱን ለኩ፣ የክንድ ማሳረፊያውን ለኩ። «የታመመው እኮ ወንበሩ አይደለም» ልል ነበር... ዋጥኩት። ቀጥለው ወደ ጓሮ ወጡና ደረጃዬን ለኩ። ቤቴን ሊገዙ ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ፓኦራን «እስቲ ውጣና ውረድ» አሉት። የሚገዛውን ፈረስ እንደሚያስረግጥ ሰው ቆመው እግሩን እግሩን ያዩታል። ሻዩን ሳይቀምሱት ሄዱ። የልብ ወዳጅ ማለት ይሄ ነው! ሌላው ጠያቂ «እንዴት ነህ፣ ምን ይሰማሃል» እያለ ያደክማል፤ እርሳቸው በሜትር ጠይቀው ጨረሱ።

ምን ያስቅሻል? እኔ እኮ የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም። ይልቅ እጅጌሽ ቅቤ ነክቷል፣ ጥረጊው።

አሮጊቷን የእንጨት ጀልባ በመሸጣቸውም አልፈርድም። ያረጀ ነገር ቦታ ያጣብባል። ያረጀውን ሁሉ አቅፎ የሚኖር ማን አለ? ብቻ ለፓኦራ ማን ነገረው መሰለሽ? የጀልባዎቹ መገናኛ ሬዲዮ። ከሕመሙ ወዲህ እንግዲህ ሥራው ይሄው ሬዲዮ ሆኗል፤ ወደ ባሕር የሚወጣ ሁሉ ይጠራዋል፣ የጀልባውን ስም፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ፣ መቼ እንደሚመለስ ይነግረዋል፤ እሱም በዚያ ቀስ ባለ አፉ «ሰምቻለሁ» ይላል። አንድ ጠዋት የአሮጊቷ ስም ተጠራ። ፓኦራ ፊቱ በራ። «እሱ ነው!» አለኝ። ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር፤ ወዲያ ማዶ ካለው መንደር የገዛት ሰው። «ስንት ናችሁ?» ብሎ አልጠየቀውም። «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ብሎ ዘጋው። አልተበላሸም ነበር።

አሮጊቷ ላይ ሆነው ከጥልቁ ባሕር ስንት ሃፑካ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ አወጡ! ጭንቅላቱን ቀቅለን የበላነው እኔና አንቺ አይደለንም? ፓኦራ መሪውን ይይዛል፣ እሱ ገመዱን ይስባል። ቁርሳቸውን ካንድ ቆርቆሮ ይበላሉ። የዝናብ ካፖርታቸው አንድ ነበር፤ ሲጣሉ ያየሁትም በእሱ ብቻ ነው፣ «አንተ ልበስ፣ የለም አንተ ልበስ» ሲባባሉ። ሁለቱም በስብሰው ይመጡና ካፖርቱ ደርቆ ይገባል። እሱ ያኔ... እርሳቸው ማለቴ ነው። ምላሴ የድሮውን ትለምዳለች፣ ይቅር በይኝ።

ወደ አዲሷ እንመለስ። አየሻት ግን ውበቷን? በር አላት እኮ! እኛ አገር ሰው ሁሉ ጀልባ የሚገባው ጠርዟን ዘሎ ነው፣ ሱሪው ረጥቦ ጉልበቱ ተልጦ። እርሳቸው ግን እንደ ሚኒስትር በበር ይገባሉ። በሩ በግራ። የእጅ መደገፊያው ብረት በግራ። የማጥመጃው ዘንግ መሰኪያ በግራ። ፍጥነት የሚጨመርበትና የሚቀነስበት የሞተሩ ማንሻ፣ ያ ዓለም ሁሉ በቀኝ እጁ የሚይዘው፣ እሱም ተነቅሎ ወደ ግራ ሄዷል። መሪው ላይ ደግሞ እንደ ድሮ ትራክተር ባንድ እጅ ማዞሪያ እጀታ አለችበት። ዱጋል ግራ ገብቶት «እርግጠኛ ነህ?» እያለ ደጋግሞ ጠይቋቸዋል አሉ። «ያልኩህን ሥራ» ብቻ ነው መልሳቸው። ሰው በስተርጅና ግራኝ ይሆናል እንዴ? እኔ የባሕር ዛጎል ሥጋ ሲበሉ ስንት ዘመን አይቻቸዋለሁ፤ በቀኝ ነው፣ ያውም ለሌላው ሳይተርፍ። ግን ምን አውቄ... ትልቅ ሰው ሲደላው አዲስ እጅ ያበቅል ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት እኮ ለሙከራ አወጧት። ወደ ሬዲዮው አልተጣሩም፤ በሽተኛ እንዳይረብሹ ብለው ይሆናል፣ አሳቢ ናቸውና። ፓኦራ ግን በመነጽሩ አያት። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ... እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። «በግራ እጁ ነው እንዴ የሚነዳት?» ብሎ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ስለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኔ ያላሳቅሁትን ሰው እርሳቸው ከሩቅ ሆነው አሳቁት።

ወንበሯንስ አየሽ? መሪው ፊት ለፊት ያለችውን። የክንድ ማሳረፊያ አላት፣ ቀበቶ አላት፣ ሲያንገጫግጭ የምታለዝብ ሞላ ከሥሯ አላት። ዙፋን ነው። እሰይ! የለፋ ሰው ይቀመጥ እንጂ። ለጓደኛ የተተወው ቦታ ደግሞ ከኋላ ነው... መንጠቆ ላይ የሚሰካው የዓሣ መብል ማስቀመጫ ሳጥን። ክዳኑ ላይ ይቀመጣል። ጓደኛ መቼ ይደክመዋል?

ጓደኛውስ ማን ይሆን ብለን አንጨነቅም። ልማዱን ታውቂያለሽ። ቲፔኔ ጸሎቱን ሲጨርሱ ባለ ጀልባው የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ የተጠራው ከሁሉ ቀድሞ ይሳፈራል፤ የመጀመሪያውን ዓሣ ወደ ባሕር የሚመልሰውም እሱ ነው። አሮጊቷ ባሕር የገባች ዕለት ማን ነበር የተጠራው? ... አንቺም ነበርሽ፣ ታስታውሻለሽ። ዛሬ የሚጠራውንም መንደሩ አውቆታል። ያ ከከተማ መጥቶ እዚህ ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም አዲስ የጎማ ቦቲ ገዝቶ ከጠዋት ጀምሮ ከጀልባዋ አጠገብ አልተለየም። ጥሩ ምርጫ ነው። ሁለት እጅ አለው፣ ሁለት እግር አለው፣ ቃላቱም ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ። ከዚህ ሌላ ከጓደኛ ምን ይፈለጋል?

ቀናሁ እንዳትይኝ። እኔ ጀልባ ምን ይሠራልኛል? እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር... ሰውዬው መስኮቱን ትቶ አንድ ቀን እንኳ ባሕሩን እንዲያሸት። ይኸው ነው። ለዚህ ደግሞ በር ያላት ጀልባ አያስፈልግም ነበር፤ መንገድ የማይጠፋው እግር ነበር የሚበቃው። ይሄን ለማን እንደምናገር እንጃ። ለዳቦው ይሆናል።

ስሚ፣ ቲፔኔ ጀመሩ። ቢላውን አስቀምጪውና እኛም ከዚሁ እንመርቅ፤ መቼም ምርቃት በር አይመርጥም።

ባሕሩ ይተኛላቸው። ሞተራቸው አይጥፋባቸው። ያሰቡት ዓሣ ሳይጠሩት ይምጣላቸው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ ረጅም ዕድሜ፣ ከነጤናው። እና ደግሞ... አያድርገውና አንድ ቀን እጅና እግራቸው አልታዘዝ ቢሏቸው፣ ያን ጊዜ ልክ እርሳቸውን የመሰለ ወዳጅ አያሳጣቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»

ሂኔዋይ አሜን አለች።

ጸሎቱ ሲያበቃ ባለ ጀልባው የማንንም ስም አልጠራም። ትራክተሩ ላይ ወጥቶ ጀልባዋን ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ መንገድ ጎተታት። ሕዝቡ ተከተለ። ሁለቱ ሴቶችም የማድ ቤት ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ተከተሉ።

ትራክተሩ የቆመው ከሪፔካ ቤት ጓሮ ነው። የጀልባዋ የግራ በር ተከፈተና ከሥሩ ተጣጣፊ ደረጃ ወረደ። የእርከኖቹ ከፍታ ከጓሮው ደረጃ ጋር እኩል ነበር። የፓኦራ ስም የተጠራው እዚያ ነው።

ፓኦራ አገጩ ላይ ወረቀት እንደተለጠፈ ወጣ። መደገፊያውን ብረት በግራ እጁ ይዞ፣ ማንም ሳያነሣው ገባና መሪው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትራክተሩን የጥርስ ሐኪሙ ተረከበ። ባለ ጀልባው ከፓኦራ ኋላ ገብቶ የመብሉ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ፓኦራ ግራ እጁን ዘረጋ። ማንሻው እዚያው ነበር።