ደመናው ወዴት ሄደ?

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ እየሄድን ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ገበሬ ኮረብታው ላይ የተተከለውን የስልክ ማማ እያሳየ፣ "ዝናቡን ያስቀረብን ይኼ ነው! ሆን ብለው ነው የተከሉት። ነገ ወጥተን እንገነድሰዋለን" አለ። ተሳፋሪው "እውነቱን ነው!" እያለ ሲጋጋል ደነገጥኩ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ዘወር ብለው፣ "እንዴት አድርጎ ነው የሚያስቀረው፣ ልጄ?" አሉት። ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው።

"ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ ደመናውን ይገፋዋል።"

"ወዴት?"

"ወደ አዲ አርቃይ!"

"ኧረ እኛም ጋ አልደረሰም!" አለ ከኋላ ወንበር አንድ የአዲ አርቃይ ሰው። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ገበሬው ሊቆጣ ነው ብዬ ስፈራ፣ ራሱን እየነቀነቀ እሱም ሳቀ። "የማውቀው መስሎኝ ነበር እኮ! በሉ ማማውን ተዉት።"

እኔ መምህሩ ሳቄን ሳልጨርስ እናትዬዋ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ልጄ፣ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቃለህ?"

"በደንብ! ውሃው ይተንና ደመና ይሆናል፤ ከዚያ ደመናው..." አልኩና ቆምኩ። አንዱ ደመና ዘንቦ ሌላው ለምን ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ጠፋኝ። ያ ገበሬ በደስታ ትከሻዬን አቀፈና፣ "አንተም የምታውቀው መስሎህ ነበር? እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ!" አለኝ።